ስላቅና መድረክ፦ የበርቶልት ብሬኽት ግጥሞችና ዘፈኖች አቀራረብ

1. መነሻ

የጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት የበርቶልት ብሬኽት (1898–1956) ስም በተነሣ ቁጥር በአብዛኛው ቀድሞ የሚታወሰው ተውኔቶቹና ስለ ትያትር ያቀረበው ንድፈ ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ብሬኽት ከጸሐፌ ተውኔትነቱ በፊት ገጣሚ ነበር፤ ያውም ጊታሩን አንሥቶ የገጠመውን ራሱ የሚያዜም ገጣሚ። በተውኔቶቹ ውስጥ ንግግሩን እያቋረጡ የሚገቡት ዘፈኖችም ለጌጥ የተጨመሩ አይደሉም፤ የተውኔቱ ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በእነርሱ አማካይነት ነው።

ከእነዚህ ግጥሞችና ዘፈኖች ጥቂት የማይባሉት የስላቅ ሥራዎች ናቸው። ስላቅ ደግሞ ከሌሎች የሥነ ጽሑፍ ዘርፎች ይልቅ ቶሎ የሚያረጅ ነው። የተዘለፈው ባለሥልጣን ይሞታል፤ የተነቀፈው ሥርዓት ይወድቃል፤ በዘመኑ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ማብራሪያ የሚያሻው ይሆናል። ታዲያ ከ70ና ከ90 ዓመታት በፊት የተጻፈ ስላቅ ዛሬ በመድረክ ላይ ሲዜም ምን ሆኖ ይቀራል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሞክረው ጥያቄ ይህ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።)

የብሬኽትን ዘፈኖች የሚያቀርቡ ምሽቶች በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ናቸው። በአብዛኛው ከሁለት ልማዶች በአንዱ ይወድቃሉ ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። የመጀመሪያው የናፍቆት ልማድ ነው፦ ጥቁር የለበሰች ዘፋኝ፣ ደብዛዛ መብራት፣ የሲጋራ ጢስና ፒያኖ፤ ተመልካቹ የ1920ዎቹን በርሊን በዓይነ ኅሊናው ቃኝቶ ረክቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛው የመታሰቢያ ልማድ ነው፦ ዘፋኙ ጡጫውን ጨብጦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ያለፈ ትግል መዝሙር እንደሚያሰማ ሆኖ ይቆማል፤ ተመልካቹም በአክብሮት ያዳምጠዋል። በአንደኛው ስላቁ ጣፋጭ ይሆናል፤ በሁለተኛው ቅዱስ ይሆናል። ጣፋጭም ሆነ ቅዱስ የሆነ ስላቅ ግን ማንንም አይነካም።

በእኛ አስተያየት የዚህ ዓይነት ግጥም በመድረክ ላይ ሕይወት የሚኖረው ማን፣ ለማን፣ ከየት ቆሞ እንደሚናገር ጥርት ብሎ ሲታይ ነው። ይህንን ለማስረዳት ዘፈኖቹ የተወለዱበትን ሥፍራ፣ ብሬኽት ራሱ ስለ አዘፋፈኑ የሰጠውን መመሪያ፣ መመሪያው የሠራበትንና ያልሠራበትን አጋጣሚ በየተራ እንመለከታለን። በመጨረሻም ስላቀኛው ዝም ያለበትን ጊዜ እናነሣለን፤ ያለዚያ ሒሳቡ አይወራረድምና።

2. ከገበያ አዝማሪ እስከ ካባሬ

ብሬኽት በተወለደበት በአውግስቡርግና በአካባቢው በዓመት በዓል ገበያ ላይ የሚቆሙ የጎዳና ዘፋኞች ነበሩ። ዘፋኙ በሥዕል የተሞላ ሰሌዳ ያቆማል፤ በእጅ የሚዞር ኦርጋን ያጅበዋል፤ በረጅም በትር ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እየጠቆመ የነፍሰ ገዳዩንና የሟቹን ታሪክ ያዜማል። ይህ ዓይነቱ ዘፈን በጀርመንኛ ሞሪታት ይባላል። ልብ ሊባል የሚገባው ዘፋኙ ከታሪኩ ውጪ ቆሞ መናገሩ ነው። እርሱ ገዳዩም ሟቹም አይደለም፤ ጠቋሚ ነው። ዜማው ተራና ደስ የሚል፣ ነገሩ ግን ዘግናኝ ነው።

ከዚህ ሕዝባዊ ምንጭ ጎን ለጎን ሁለት ሰዎችን መጥቀስ ያስፈልጋል። አንደኛው በሙኒክ ካባሬ ውስጥ የራሱን የስላቅ ዘፈን በጊታር ያሰማ የነበረው ጸሐፌ ተውኔት ፍራንክ ቬደኪንት ነው፤ በ1918 ሲሞት ወጣቱ ብሬኽት በጋዜጣ የስንብት ጽሑፍ አውጥቶለታል። ሁለተኛው የሙኒኩ ቀልደኛ ካርል ፋለንቲን ነው። ፊቱን ሳያፈካ፣ የተራ ሰውን ግትር አመክንዮ እስከ መጨረሻው በመግፋት ያስቅ ከነበረው ከዚህ ሰው ብሬኽት ብዙ ተምሯል።

ከነዚህ ምንጮች ከተቀዱት ሥራዎች ዝነኛው «የሙት ወታደር አፈ ታሪክ» ነው። በ1918፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የተጻፈ ግጥም ነው። ጦርነቱ ስላላለቀ የሞተው ወታደር ከመቃብሩ ይወጣል፤ የሐኪሞች ጉባኤ መርምሮ ለግዳጅ ብቁ ነው ይለዋል፤ ሽታው በዕጣን ይሸፈናል፤ በቄስና በማርሽ ሙዚቃ ታጅቦ ዳግመኛ ወደ ግንባር ይሸኛል። ዜማውን የደረሰው ብሬኽት ራሱ ሲሆን ግጥሙ የቆመው ሕፃን እንኳ ሊይዘው በሚችለው ተራ የሕዝብ ዘፈን ምት ላይ ነው። ተራኪው አንዲት የቁጣ ቃል አይናገርም፤ ያየውን በሰልፉ ቅደም ተከተል ይቆጥራል እንጂ። ቁጣው የተተወው ለአድማጩ ነው።

በ1922 ብሬኽት ይህንን ዘፈን በበርሊን በትሩደ ሔስተርቤርግ ካባሬ ባሰማ ጊዜ በአዳራሹ ሁከት ተነሥቶ ነበር። በ1935 ናዚዎች የጀርመን ዜግነቱን ሲገፍፉት ከተጠቀሱበት ክሶች አንዱ የጀርመንን ወታደር አዋርዷል የሚል ሲሆን መነሻውም ይኸው ግጥም ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው አንድ ዘፈን የአንድ መንግሥት ቂም ሆኖ መቆየቱ የስላቁን ጉልበት ከማንኛውም ሐተታ የበለጠ ይመሰክራል።

በ1927 የወጣው «የቤት ስብከት መጽሐፍ» የተባለው የግጥም መድበል ይህንን ግጥም ጭምር ይዟል። መድበሉ አርእስቱንና አከፋፈሉን የወሰደው ፕሮቴስታንት ቤተሰቦች በየቤታቸው ከሚያነቡት የጸሎትና የስብከት መጽሐፍ ነው፤ በመግቢያው ስለ አጠቃቀሙ መመሪያ፣ በመጨረሻው ደግሞ የዜማ ኖታ ተያይዞለታል። ብሬኽት መጽሐፉን የሚቀኙበትና የሚጠቀሙበት ዕቃ አድርጎ ነው ያቀረበው። የሚሰብክ ድምፅ፣ የሚያስተምር ድምፅ፣ የሚመክር ድምፅ በግጥሞቹ ውስጥ ይሰማል፤ የሚሰበከው ግን መጽሐፉ ከተኮረጀበት ስብከት ፍጹም የተለየ ነው። ለአቅራቢው የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ያ የሰባኪ ድምፅ በቁም ነገር መያዝ አለበት። ዘፋኙ አስቀድሞ ከሣቀ ወይም ከጠቀሰ ስላቁ ያልቃል።

ብሬኽት ራሱ በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ያስቀረጻቸው ሁለት ዘፈኖች ዛሬም ይሰማሉ። ድምፁ ቀጭንና ሻካራ ነው፤ «ረ»ን ያንከባልላል፤ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ ያስቀምጣል፤ ለስሜት ብሎ የሚያዘገየው ወይም የሚያፈጥነው አንድም ነገር የለም። እንደ ዘፋኝ ብንመዝነው ከመካከለኛ በታች እናደርገው ይሆናል፤ እንደ ስላቀኛ ግን ብዙ ታላላቅ ዘፋኞች ያልደረሱበት ነው።

3. ጭብጨባው የማን ነው?

ነሐሴ መጨረሻ 1928 በበርሊን በሺፍባወርዳም ትያትር «ባለ ሦስት ቤሳው ኦፔራ» ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ሥራው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዛዊው ጆን ጌይ በጻፈው የለማኞች ኦፔራ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከእንግሊዝኛ የመለሰችው ኤሊዛቤት ሐውፕትማን፣ ሙዚቃውን የደረሰው ኩርት ቫይል ነበር። አንዳንዶቹ ዘፈኖች ከፈረንሳዊው ከፍራንሷ ቪዮን በጀርመንኛ ትርጉም በኩል የተወሰዱ በመሆናቸው ሃያሲው አልፍሬድ ኬር ብሬኽትን በስርቆት ከሶታል። እንግዲህ የብሬኽት ዘፈን የምንለው ብዙ እጅ ያለበት ሥራ መሆኑን፣ በተለይም የሐውፕትማን ድርሻ ለብዙ ዘመን ተገቢውን ስም ሳያገኝ መቆየቱን ልንዘነጋ አይገባም።

ቴአትሩ ከከበርቴው ዓለም ጋር የሚሳለቀው ወንበዴውን እንደ ነጋዴ፣ ነጋዴውን እንደ ወንበዴ አድርጎ በማቅረብ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ምሽት የሆነውን እንመልከት። ሎተ ሌንያ በኋላ እንዳወሳችው ተመልካቹ በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር፤ «የመድፍ ዘፈን» የተባለው በተዘፈነ ጊዜ ግን አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ይህ ዘፈን በቅኝ ግዛት ሠራዊት ውስጥ ያገለገሉ ሁለት ጓደኛሞች ስለ ግድያቸው በደስታ የሚያዜሙት የወታደር ዘፈን ነው። ገጣሚው የዘለፈውን የወታደር ፈንጠዝያ ተመልካቹ ራሱ ፈነጠዘበት። ስላቁ ሠራ ወይስ ከሸፈ?

ሁለቱም ነው ብለን እናምናለን። የቫይል ዜማ ሰውን በእግሩ እስኪያስመታ ድረስ ባይስብ ኖሮ ስላቁ ጥርስ አይኖረውም ነበር፤ ምክንያቱም የዘፈኑ ዓላማ ሰው በምን ያህል ቀላል መንገድ ወደ ጭፈራው እንደሚገባ ማሳየት ነው። ችግሩ ተመልካቹ ከጭብጨባው በኋላ ለምን እንዳጨበጨበ የሚጠይቅበት ፋታ ማጣቱ ነው። ብሬኽት በ1931 ስለዚህ ኦፔራ ባወጣው ማስታወሻ ላይ የዘፈኖችን አቀራረብ በሰፊው ያነሣው ከዚህ ልምድ በኋላ መሆኑ አያስገርምም። ተራ ንግግር፣ ከፍ ያለ ንግግርና ዘፈን ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው፤ አንዱ ወደ ሌላው እየሟሟ መግባት የለበትም ይላል። ተዋናዩ መዝፈን መጀመሩን ያላወቀ መስሎ ከንግግር ወደ ዜማ መንሸራተት የለበትም፤ ዘፈኑ ሲጀመር መብራቱ ይለወጥ፣ ርእሱ በሰሌዳ ይታይ፤ ተዋናዩም ዘፈኑን ከማዜም ጋር አንድ የሚያዜም ሰው ያሳይ። አስፈላጊ በሆነበትም ቦታ ከዜማው ጋር እየተጋጨ ይናገር።

ይህ መመሪያ ምን ማለት እንደሆነ የሚያሳየው ዋነኛው ምሳሌ የባሕር ወንበዴዋ የጄኒ ዘፈን ነው። በተውኔቱ ውስጥ ዘፈኑን በሠርጓ ዕለት በጋጣ ውስጥ የምታዜመው ፖሊ ናት። ፖሊ ግን ጄኒ አይደለችም። በአንድ መጠጥ ቤት ያየቻትን ብርጭቆ አጣቢ አስመስላ እንደምታሳይ ለሠርገኞቹ ትነግራቸዋለች፤ ማን ምን ብሎ እንደሚስቅባትም ታደላድላቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የተናቀችው ሠራተኛ ከተማዋን የሚያጠፋ መርከብ ስትጠብቅ የምናያት። እንግዲህ አንዲት የሀብታም ልጅ የድኻዋን በቀል ለመዝናኛ ታቀርባለች፤ ወንበዴዎቹም ያጨበጭባሉ። ስላቁ ያለው በዚህ ድርብ ክፈፍ ውስጥ ነው። በ1931 በጆርጅ ቪልሄልም ፓብስት በተሠራው ፊልም ዘፈኑ ከፖሊ ተወስዶ ለሌንያ፣ ማለትም ለጄኒዋ ተሰጠ፤ በ1954 በኒውዮርክ በማርክ ብሊትስታይን ትርጉም በቀረበውና እስከ 1961 ድረስ ከ2,600 ጊዜ በላይ በታየው ዝግጅትም እንዲሁ። የሌንያን ብቃት ማንም አይክድም፤ ይሁንና ክፈፉ ሲነሣ ዘፈኑ የአንዲት ተበዳይ እንጉርጉሮ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየካባሬው የምንሰማው በአብዛኛው ይህንን ነው።

የወንበዴው የማኪ ሞሪታት ዕጣ ከዚህም የከፋ ነው። ግድያን፣ ቃጠሎንና አስገድዶ መድፈርን ያለ ምንም ስሜት የሚዘረዝረው ይህ የገበያ ዘፈን በ1955 በሉዊ አርምስትሮንግ፣ በ1959 በቦቢ ዳሪን ተዘፍኖ በዓለም ላይ ተዛመተ፤ የዳሪኑ በአሜሪካ የዘፈን ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ሙዚቃው ግሩም ነው፤ የሚጠቁም በትርና የሚጠቆም ሥዕል ግን የለም። ወንጀለኛው የሚወደድ ዱርዬ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ክፈፉን ማንሣት ሁልጊዜ ጥፋት ነው ብለን ሕግ ልናወጣ አንደፍርም። ኒና ሲሞን በ1964 በኒውዮርክ በካርኔጊ አዳራሽ የጄኒን ዘፈን ባዜመች ጊዜ ፖሊም ሠርገኛም አልነበረም። ነገር ግን ወለል የምትወለውለው ሴት ጥቁር አሜሪካዊት መሆኗ፣ ጊዜው የሲቪል መብት ትግል የተፋፋመበት መሆኑ፣ በአዳራሹ የተቀመጠውም ትኬት የገዛ ተመልካች መሆኑ ለዘፈኑ አዲስ ክፈፍ ሰጠው። ማን ለማን እንደሚናገር ከማንም የተሰወረ አልነበረም። ስለዚህ መርሑ የብሬኽትን ሰሌዳና መብራት እንዳለ መቅዳት አይደለም፤ ሰሌዳውና መብራቱ የሠሩትን ሥራ በሌላም መንገድ ቢሆን መሥራት ነው።

4. የአነጋገር አቋም

ብሬኽት «ጌስቱስ» የሚለው ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል አይመለስም። ሰው ለሰው ያለው አቋም፣ ማለት የለማኝ፣ የአዛዥ፣ የደላላ፣ የመካሪ፣ የፈሪ አቋም፣ በሰውነቱም በአነጋገሩም ሲገለጥ ጌስቱስ ይባላል። ግጥም ጌስቱስ አለው የሚባለው ቃላቱ በተሰደሩበት ሥርዓት የተናጋሪው አቋም የሚታይ ሲሆን ነው።

በስደት ላይ ሳለ «ዳስ ቮርት» በተባለው የስደተኞች መጽሔት በ1939 ባወጣው ጽሑፍ ቤት ስለማይመታና ምቱ ስለሚለዋወጥ ግጥም ሲያስረዳ ምሳሌ የሚወስደው ከሉተር መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ስለምታሰናክል ዓይን የተሰጠውን ትእዛዝ ይጠቅስና፣ ትእዛዙ አስቀድሞ ቢመጣ ንግግሩ እንደሚላላ፣ ሁኔታው ቀድሞ ተነግሮ አጭሩ ትእዛዝ በመጨረሻ ሲወርድ ግን የተናጋሪው አቋም በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንደሚታይ ያሳያል። ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ተዋናይ የት እንደሚተነፍስ፣ የት ፊቱን እንደሚያዞር፣ የት እንደሚመታ የሚወስን ነው።

ይኸው ጽሑፍ «የጀርመን ስላቆች» ስለተባሉት ግጥሞች አመጣጥም ይናገራል። ብሬኽት የካቲት 1933 የጀርመን ምክር ቤት ሕንፃ በተቃጠለ ማግሥት ከአገሩ ወጥቶ ዴንማርክ ውስጥ በስቬንድቦርግ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ስላቆቹ የተጻፉት ከ1937 እስከ 1939 ከስፔን በ29.8 ሜትር አጭር ሞገድ ወደ ጀርመን ይሰራጭ ለነበረው የጀርመን የነፃነት ራዲዮ ሲሆን በ1939 በ«ስቬንድቦርግ ግጥሞች» ውስጥ ታትመዋል። አድማጩ ተደብቆ የሚያዳምጥ፣ የትም የተበተነ ሰው ነው፤ ጣቢያውም ይታወካል። ስለዚህ ገጣሚው ቤት መምታትን ትቶ፣ ጭቅጭቁ አንዱን ስንኝ ቢውጠው እንኳ ቀጣዩ ብቻውን እንዲቆም አድርጎ ጻፈ። የቅርጹ ድርቀት የመጣው ከአድማጩ ችግር ነው።

እነዚህ ግጥሞች የሚሠሩት እንዴት ነው? ተናጋሪው መንግሥትን የሚያወግዝ አይመስልም። ስለ ፕሮፓጋንዳ አስፈላጊነት፣ ስለ ማስተዳደር አስቸጋሪነት፣ ስለ አገዛዙ ስጋት ሲናገር የባለሥልጣንን አመክንዮ ተቀብሎ፣ የመግለጫን ቋንቋ ተውሶ፣ በትዕግሥት ወደ መጨረሻው ይወስደዋል፤ መጨረሻው ገደል ነው። በመድረክ ላይ ስንሰማቸው ብዙ ጊዜ የሚያሳዝነን አቅራቢዎች እነዚህን ግጥሞች በቁጣ ወይም በፌዝ ድምፅ ማንበባቸው ነው። የሚያስፈልጋቸው ግን ዜና የሚያነብ ሰው ድምፅ ነው። አቅራቢው ከአድማጩ ቀድሞ ወደ ገደሉ ከዘለለ አድማጩ ከዳር ቆሞ ይመለከተዋል፤ አብሮት አይሄድም።

ለዜማ በኩል ይህንን ከማንም በላይ የተረዳው ሐንስ አይስለር ነበር። አይስለር ለመዘምራን በሰጠው ምክር የተለመደው «ውብ» አዘማመር እንዲቀር፣ በምትኩ ምቱ የጠበቀ፣ ቀዝቃዛና ስለታም አዘማመር እንዲመጣ ያሳስባል። ለዚህ ተስማሚው ድምፅ የኤርንስት ቡሽ ነበር። በ1931ዱ ፊልም የገበያውን ሞሪታት ዘፋኝ ሆኖ የተጫወተው ቡሽ በ1937 በስፔን ለዓለም አቀፉ ብርጌድ ዘምሯል፤ ኋላም በናዚ እስር ቤት ቆይቶ በ1945 ነፃ ወጥቷል። የመታሰቢያው ልማድ የሚኮርጀው ቡሽን ነው፤ ነገር ግን የሚኮርጀው ጉልበቱን እንጂ ግልጽነቱን አይደለም።

5. የማስተጋባት አደጋ፤ ስለ አማርኛም ጥቂት

ስላቅ ተመልካቹን ሊያሳስተው የሚችልበትን ቦታ ብሬኽት ራሱ ያውቅ ነበር። በ«እናት ኩራዥ» አራተኛ ትዕይንት ላይ በደሉን ሊከስ የመጣ ወጣት ወታደር አለ፤ ኩራዥም የመጣችው ለክስ ነው። እርሷ ስለ ታላቁ እጅ መስጠት የሚናገረውን ዘፈን ታዜምለታለች፤ ከዘፈኑ በኋላ ወጣቱ ይሄዳል፤ እርሷም ክሷን ትታ ትሄዳለች። ሄሌነ ቫይግል ጥር 1949 በርሊን ላይ የተጫወተችውን ይህንን ትዕይንት አስመልክቶ ብሬኽት ባወጣው የዝግጅት መዝገብ፣ ተዋናይዋ ራሷን ከኩራዥ ሳታርቅ ብትዘፍነው ተመልካቹ እጅ መስጠትን እንደ ጥበብ ሊቀበል እንደሚችል አስጠንቅቋል። በዚያው ዝግጅት አንዳንድ ዘፈኖች ሲጀመሩ መለከት፣ ከበሮና ባንዲራ ያለበት ምልክት ከላይ ይወርድ ነበር፤ አሁን የሚሰማው ከታሪኩ የተለየ ነገር መሆኑን ለማሳወቅ።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህንን ተውኔት መነሻ አድርጎ «እናት ዓለም ጠኑ»ን ለኢትዮጵያ መድረክ ማቅረቡ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ብሬኽትን በአማርኛ የማቅረብ ጥያቄ ለእኛ ባዕድ አይደለም። እዚህ ላይ ሦስት ነጥቦችን ብቻ እንጠቁማለን።

አንደኛ፣ የአማርኛ ጆሮ በሰምና ወርቅ የሠለጠነ ነው፤ ስላቅ ሲሰማ የተሸሸገ ፍቺ ይፈልጋል። በብሬኽት ስላቅ ግን ወርቁ ተገልጦ የተቀመጠ ነው፤ የሚፈለገው የተናጋሪው አቋም ነው። ኅብረ ቃል እየፈጠረ ሊያስጌጠው የሚሞክር ተርጓሚ ግጥሙን ያከብደዋል እንጂ አያበለጽገውም።

ሁለተኛ፣ «የመድፍ ዘፈን»ን የመሰለ ሥራ በአማርኛ ሲመለስ በሽለላና በቀረርቶ ዜማ ማቅረብ የሚያጓጓ ነው። ውጤቱ ግን የታወቀ ነው፤ አዳራሹ ይነሣል፣ የሚፎክርም አይጠፋም። የበርሊኑ የ1928 ጭብጨባ እንዳይደገም አቅራቢው የት ላይ ዜማውን እንደሚቆርጥ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ሦስተኛው ነጥብ የሚያበረታታ ነው። አማርኛ ሁኔታውን አስቀድሞ ግሡን በመጨረሻ ስለሚያስቀምጥ፣ አዎንታና አሉታም በግሡ ላይ ስለሚታሰር፣ ብሬኽት ከሉተር የተማረው የመጨረሻው ምት በቋንቋችን ተፈጥሮ ውስጥ አለ። ተርጓሚው የእንግሊዝኛን ትርጉም ተከትሎ ግሡን ለማስቀደም ካልተጣጣረ በስተቀር አማርኛው ራሱ ይረዳዋል።

ስለ ትርጉም ከተነሣ አንድ ታሪክ መጥቀስ ተገቢ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 1947 ብሬኽት በዋሽንግተን በአሜሪካ ምክር ቤት የፀረ አሜሪካ ድርጊቶች መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ነበር። መርማሪው ከግጥሞቹ የአንዱን እንግሊዝኛ ትርጉም አንብቦ «ይህንን ጽፈሃል ወይ?» ሲለው፣ አልጻፍሁም፣ እኔ የጻፍሁት የጀርመንኛ ግጥም ነው፤ እርሱም ከዚህ በጣም የተለየ ነው ሲል መለሰ። አዳራሹ ሣቀ። በማግሥቱ ከአሜሪካ ወጣ። መልሱ ራሱ የስላቅ ትያትር ነው፤ ፊት ሳይፈካ፣ በትሕትና፣ የመርማሪውን አመክንዮ ተቀብሎ ወደ ባዶነቱ መውሰድ።

6. ዝም ያለው ስላቅ

እስካሁን የተናገርነው ስላቁ ስለሠራበት ሁኔታ ነው። አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንሻገር። በ1931ዱ ፊልም ፖሊን ሆና የተጫወተችው ካሮላ ኔኸር ከናዚዎች ሸሽታ ወደ ሶቪየት ኅብረት ከሄደች በኋላ በ1936 ተይዛ ታሰረች፤ በ1942 በእስር ላይ እንዳለች ሞተች። የብሬኽት ወዳጅና አስተማሪዬ የሚለው ጸሐፊ ሰርጌይ ትሬትያኮቭ በ1937 ተገደለ። ብሬኽት ስለ ኔኸር በግል ደብዳቤ ጠይቋል፤ ስለ ትሬትያኮቭም ግጥም ጽፏል። ነገር ግን ያ ግጥም በሕይወት ሳለ አልታተመም። የሒትለርን አገዛዝ ስጋት በዚያ ጥርት ባለ ድምፅ የዘረዘረ ብዕር፣ በዚያው ዘመን የስታሊንን አገዛዝ በአደባባይ አልነካም።

ወደ ምሥራቅ በርሊን ከተመለሰ በኋላም ፈተናው ቀጠለ። ሰኔ 17 ቀን 1953 ሠራተኞች በመንግሥት ላይ በተነሡ ጊዜ ብሬኽት ለዋልተር ኡልብሪኽት ደብዳቤ ጻፈ፤ ጋዜጣው ድጋፉን የሚገልጸውን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አወጣው። በዚያው በጋ በቡኮ በሚገኘው የሐይቅ ዳር ቤቱ አጫጭር እንጉርጉሮዎች ጻፈ። ከእነርሱ አንዱ «መፍትሔው» የተባለው ነው። ይህ ግጥም ከ«ጀርመን ስላቆች» ጋር በስልት አንድ ነው፤ ሕዝብን የሚገሥጽ የባለሥልጣን አነጋገር ተቀብሎ በእርጋታ እስከ መጨረሻው ይገፋዋል። የተለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ የተነጣጠረው በራሱ ቤት ላይ ነው። ይህም በመሳቢያ ውስጥ ቀረ። በ1955 የስታሊንን የሰላም ሽልማት ሞስኮ ሄዶ ተቀበለ፤ በ1956 ሞተ፤ ግጥሙ የታተመው በ1959 በምዕራብ ጀርመን ጋዜጣ ላይ ነው።

ይህንን ታሪክ ምክንያት አድርገው የብሬኽት ስላቅ ሁሉ ሐሰት ነው የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። በሒትለር ላይ የጻፈው እውነት ሆኖ ይኖራል፤ ለዚያም ዋጋ ከፍሏል። በአንጻሩ ደጋፊዎቹ እንደሚያደርጉት ጊዜው አስገድዶት ነው ብሎ ማለፍም ለባለቅኔው ክብር አይሆንም፤ የሌሎችን ዝምታ ሲሳለቅበት የኖረን ሰው ዝምታ በይቅርታ መሸፈን የራሱን መለኪያ መንፈግ ነው። የሚሻለው መለኪያውን በእርሱም ላይ መጠቀም ነው።

ይህ ለመድረክ ምን ትርጉም አለው? የስላቆቹን ምሽት የሚያዘጋጅ ሰው የ1930ዎቹን ግጥሞች ብቻ ቢያቀርብ ተመልካቹ ከሞተ ጠላት ጋር ተጣልቶ በንጹሕ ኅሊና ወደ ቤቱ ይሄዳል። «የአገዛዙ ስጋቶች» እና «መፍትሔው» በአንድ ድምፅ፣ በአንድ መብራት፣ ያለ ማስተዛዘኛ ተከታትለው ቢቀርቡና በመካከላቸው ዓመተ ምሕረቱና የታተሙበት ጊዜ ብቻ ቢነገር ግን ስላቁ ወደ ዛሬ ይደርሳል። ተመልካቹ ከመሳቢያው ፊት ይቆማል፤ እኔስ ምን አስቀምጫለሁ ብሎ ይጠይቃል። በተለይ ከአገር ርቀው ስለ አገር ለሚጽፉ ሰዎች ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከሩቅ ሆኖ በባላጋራ ላይ መሳለቅ አያስቸግርም፤ በራስ ወገን ላይ ሲሆን ነው ብዕር የሚከብደው።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል የብሬኽትን የስላቅ ግጥሞችና ዘፈኖች የሚያቀርብ ሰው አራት ነገሮችን ልብ ሊል ይገባዋል እንላለን። ዘፈኑ ከንግግሩ ተለይቶ ይታወቅ። ዘፋኙ የሚያዜመውን ሰው ያሳይ እንጂ አይምሰለው። ቁጣውና ሣቁ ለተመልካቹ ይተውለት። ዝግጅቱም ገጣሚው የተናገረበትን ብቻ ሳይሆን የተናገረውን የሸሸገበትን ጊዜ ያካትት።

እነዚህ ሁሉ አዲስ መሣሪያ ወይም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። የገበያው ዘፋኝ የነበረው አንድ ሰሌዳና አንድ በትር ብቻ ነው። ይሁንና የሚጠቁመው ወዴት እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ የሚያዳምጠውም ሰው እንዲሁ።